ጭማሪው እጅ ሲገባ

ጤና ይስጥልኝ። ቱሉ ዲምቱ ላይ በማለዳ የመንግሥት ሠራተኛ ለሚያመላልሰው ፐብሊክ ሰርቪስ ባስ የተሰለፈ ሰው ወሬው ደመወዝ ነው። አንዱ "4,560 ብር ተጨመረ" ይላል፤ ሌላው "የታለ ታዲያ?" ይለዋል። ሁለቱም ልክ ናቸው። እንቁጠረው።

በመስከረም 2018 የዲግሪ ጀማሪ የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ ከ6,940 ወደ 11,500 ብር ወጣ። ከሐምሌ 2017 ጀምሮ በሚሠራበት የግብር ሠንጠረዥ ከ10,000 በላይ እስከ 14,000 ብር ያለው መደብ 30 በመቶ ነው። የ11,500 ሠላሳ በመቶ 3,450 ይሆናል፤ ለመደቡ በሠንጠረዡ የተቀመጠው ተቀናሽ 1,350 ሲነሳለት ግብሩ 2,100 ነው። ጡረታ 7 በመቶ፣ 805 ብር። እጅ የሚገባው 8,595 ነው። በዚሁ ሠንጠረዥ የ6,940 ባለ ደመወዝ 5,566 ከ20 ሳንቲም ነበር የሚወስደው። እንግዲህ ከ4,560ው ኪስ የደረሰው 3,028 ከ80 ሳንቲም ነው። ሲሶው መንገድ ላይ ቀረ!

ብዙ ሰው መጀመሪያ ጡረታውን ቀንሶ በቀሪው ላይ ግብር ያሰላል፣ ከዚያ ሒሳቡ አልገጥም ይለዋል። ግብር የሚሰላው ጡረታ ሳይነሳ ነው። ከዚያም ወዲያ ካነሰ ወጪ መጋራት (የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ዕዳ)፣ ብድር ወይም ቁጠባ ተቆርጧል ማለት ነው፤ ፔሮሉን መስመር በመስመር አሳዩኝ በሉ።

እኔን የሚያብሰለስለኝ ግን ሌላ ነው። ይህ ጭማሪ የመጣው በመንግሥት ውሳኔ ነው፤ ሠራተኛው አልተደራደረበትም። አንድ ኮንዶሚኒየም ደረጃ ላይ ሁለት ጎረቤቶች አሉ እንበል፤ አንዷ መብራት አገልግሎት፣ አንዱ ሚኒስቴር መሥሪያ ቤት። እሷ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ሥር ናት፤ የሠራተኛ ማኅበሯ ከአሠሪው ጋር ተደራድሮ ኅብረት ስምምነት ይፈራረማል፣ አበሉ፣ የደረጃ ዕድገቱ፣ ሕክምናው በጽሑፍ ይሰፍራል። ያው አዋጅ እሱን "በልዩ ሕግ የሚተዳደር" ብሎ ከደጅ ያስቀረዋል። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 42 ላይ የመንግሥት ሠራተኛም የሥራው ጠባይ ከፈቀደና ከተወሰነ የኃላፊነት ደረጃ በታች ከሆነ ሊደራጅ እንደሚችል ይላል፤ እነማን እንደሆኑ ግን በሕግ ይወሰናል ብሎ ያልፈዋል። የ2010 የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ፣ 1064፣ ስለ ኅብረት ድርድር አንድ ምዕራፍ እንኳ አልነበረውም።

ባሱንም ተመልከቱት። መታወቂያ ለያዘ በነፃ ነው፤ ከቱሉ ዲምቱ መሀል ከተማ ለሚመላለስ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ደመወዝ ውስጥ የለም፣ ጡረታም አይታሰብበትም። ጡረታ የሚቆረጠው፣ የአሠሪው 11 በመቶም የሚገባው፣ ከመደበኛ ደመወዝ ላይ ብቻ ነው። በአበል የተሞላ ደመወዝ ዛሬ ያማረ ይመስላል፤ 60 ዓመት ሲሞላ ነው ጉዱ የሚታየው።

ስለ ሥራ ዋስትና አጭር ነገር ልበል። የድልድል ወይም የቅጣት ደብዳቤ ሲሰጣችሁ የተቀበላችሁበትን ቀን በእጃችሁ ጽፋችሁ ፈርሙ፤ መፈረም መስማማት አይደለም። ቅሬታውን ለቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ በጽሑፍ አስገቡ፣ መዝገብ ቤት ቁጥርና ማኅተም የመታበት ቅጂ እጃችሁ ይቅር። አለቃን ቢሮው ገብቶ ለምኖ መውጣት የቅሬታ ማቅረቢያውን ጊዜ ገደብ አያቆመውም፤ ብዙ እውነተኛ ቅሬታ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። ኮሚቴው ካልፈታው ወደ አስተዳደር ፍርድ ቤት የሚያስገባችሁ ያ ማኅተም ያለበት ቅጂ ነው።