ከመቶ አለቃ ኮንዴ ጋር በሃቫና

የተከበራችሁ የንባብ ወዳጆች፣ እንደምን አመሻችሁ!

ስለ ኩባዊው ደራሲ ሊዮናርዶ ፓዱራ የወንጀል ልብ ወለዶች ተናገር ስባል ደስ እያለኝ ነው የመጣሁት። ፓዱራ እ.ኤ.አ. በ1955 ማንቲያ በተባለው የሃቫና ዳርቻ ሰፈር የተወለደ ጋዜጠኛ ነው። በ1991 ባሳተመው «ፓሳዶ ፔርፌክቶ» ከመቶ አለቃ ማሪዮ ኮንዴ ጋር አስተዋወቀን። ኮንዴ ደራሲ ለመሆን ተመኝቶ መርማሪ ፖሊስ የሆነ፣ መጠጥ የሚወድ፣ ቤቱ ውስጥ ሩፊኖ ከሚባል ዓሣ በቀር ማንም የማይጠብቀው ሰው ነው። አዲሱ ዓመት በገባ ሰሞን ስልክ ተደውሎ ይቀሰቅሰዋል፤ አንድ የመንግሥት ባለሥልጣን ጠፍቷል። የጠፋው ሰው አብሮት የተማረ ነው። ሚስቱ ታማራ ደግሞ ኮንዴ ከተማሪነቱ ጀምሮ ሲወዳት የኖረች ሴት ናት። እንዲህ ያለ ምርመራ ማን ይመኛል?

የወንጀሉ ቋጠሮ ጥሩ ነው። እኔን ደጋግሞ የሚያስነብበኝ ግን የኮንዴ ጓደኛ የካርሎስ ቤት ነው። ጓደኞቹ «ቀጭኑ» ይሉታል፤ ዛሬ ቀጭን አይደለም። አንጎላ ዘምቶ በጥይት ተመትቶ በተሽከርካሪ ወንበር ከዋለ ወዲህ ገዝፏል። ኮንዴ ሥራው ሲያንገሸግሸው ወደዚያ ይሄዳል። የካርሎስ እናት ሆሴፊና ሁለቱን አስቀምጣ ማዕዱን ትሞላዋለች። ምግብ በራሽን ደብተር በሚታደልባት ከተማ ያን ሁሉ ከየት አመጣችው? የቀበሌ ሱቅ ሰልፍ የምናስታውስ ሰዎች ይህን ሳንጠይቅ አናልፍም። እኔ የደረስኩበት መልስ ይህ ነው፦ ልጇ በጦርነት ለቆሰለባት እናት ደራሲው ኑሮ የነፈጋትን በብዕሩ ሰጣት።

የመጀመሪያዎቹ አራት መጻሕፍት የ1989ን አራት ወቅቶች ተከትለው ይሄዳሉ። ያ ዓመት ለእኛ ባዕድ አይደለም። በኦጋዴን ጦርነት የኩባን ጦር የመሩት ጄኔራል አርናልዶ ኦቾዋ በአደንዛዥ ዕፅ ዝውውር ተከሰው ሃቫና ውስጥ የተረሸኑት በዚያው ዓመት ሐምሌ ነው። ይህን ይዞ ላነበበ ሰው፣ ኮንዴ ስማቸው የገነነ ባለሥልጣናትን ደጅ ሲያንኳኳ እያንዳንዱ ጥያቄው ይከብዳል።

ከየት ልጀምር ለምትሉ፣ «አዲዮስ ሄሚንግዌይን» እመክራለሁ። ቀጭን መጽሐፍ ናት። ኮንዴ ፖሊስነቱን ትቶ አሮጌ መጻሕፍት ሲነግድ፣ አሜሪካዊው ደራሲ ሄሚንግዌይ በኖረበት ግቢ የሰው አጽም ይገኛል። የማን አጽም እንደሆነ አልነግራችሁም!

አንድ ልመና አለኝ። በልጅነታችሁ ኩባ ተልካችሁ በስፓኒሽ የተማራችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ ቋንቋውን ከምንጩ የጠጣችሁት እናንተ ናችሁ። እባካችሁ ከእነዚህ መጻሕፍት አንዱን ወደ አማርኛ መልሱልን። ጽሑፉን ለማረምና አሳታሚ ለማፈላለግ እኔ ዝግጁ ነኝ።

አመሰግናለሁ።