የቮልስ የኋላ እግርና ፍሬን አገጣጠም

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። የዛሬው ወሬያችን ቮልስ ነው። ንጉሡ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከቤተ መንግሥት የወጡባት ዓይነት መኪና ማለቴ ነው። አንዷን ፈታትቶ እንደ አዲስ ለሚሠራ ሰው ስለ ኋላ እግሯ (ክብደቷን ስለሚሸከመው ክፍል) እና ስለ ፍሬኗ ላውራ።

ብዙ ሰው ከፍሬኑ ይጀምራል። በእኔ እምነት እግሩ መቅደም አለበት። ከአክስሉ ጋር የታሰረውን የእግሩን ጠፍጣፋ ብረት ለማውጣት አክስሉ ወደ ኋላ ይጎተታል፤ የፍሬን ጎማው ቱቦና የእጅ ፍሬን ገመዱ ቀድመው ከታሰሩ አብረው ይወጠራሉ። ያኔ ዘይቱም አየር ማስወጣቱም እንደገና ነው።

ቮልስ ኋላዋ ባሌስትራ የለም፤ ሞላም የለም። ክብደቱን የሚሸከመው በቱቦ ውስጥ ተኝቶ የሚጠመዘዝ ዘንግ ነው፤ ቶርሽን ባር ይባላል። የግራና የቀኝ አለው፣ ጫፉ ላይ ምልክቱ አለ፣ አይቀያየርም። በውስጥ በኩል 40 ጥርስ፣ በውጭ በኩል 44 ጥርስ አለው። ልዩነቱ በዘፈቀደ የመጣ አይደለም። የውስጡ አንድ ጥርስ 9 ዲግሪ ነው፣ የውጩ ደግሞ 8 ዲግሪ ከሩብ አይሞላም። አንዱን ወደዚህ ሌላውን ወደዚያ አንድ አንድ ጥርስ ብታዞሩ የምታገኙት ለውጥ ከአንድ ዲግሪ ያንሳል። ቁመቱን በትንሽ በትንሹ የምታስተካክሉት በዚህ ነው።

ከመፍታታችሁ በፊት ማዕዘኑን ለኩ። መጀመሪያ የበሩን ደፍ ዘንበል ማለት፣ ቀጥሎ ሳይጫን የተንጠለጠለውን ጠፍጣፋ ብረት። ትክክለኛውን ቁጥር ከሞዴሉ መጽሐፍ ውሰዱ፣ እንደ ዓመቱ ይለያያልና። ዋናው ነገር ሁለቱም ጎን እኩል መሆኑ ነው። ኋላዋን ከልክ በላይ ከፍ ያደረገ ሰው አደጋ ይገዛል፤ አክስሉ መታጠፊያው ካምቢዮው ጋ ብቻ ስለሆነ፣ ኩርባ ላይ ጎማው ከሥር ወደ ውስጥ ይገባና መኪናዋ ጭራዋን ትወረውራለች።

ጠፍጣፋው ብረት ከመደገፊያው ሲለቀቅ በኃይል ይወረወራል። ፊት ለፊቱ አትቁሙ፣ እጃችሁንም ከሥሩ አታስገቡ። ስትመልሱት የዘንጉን ቱቦ ክዳን በሁለት ረጃጅም ቡሎን ያዙት፣ ብረቱን በክሪክ አንሱት፤ መኪናዋ አብራ ከተነሣች ክሪኩን በሰንሰለት ከአካሉ ጋር እሰሩ። ላስቲኮቹን ግሪስ አትቀቡ፣ ይበላቸዋል። ታልክ ዱቄት ይበቃል። አክስሉን የሚይዙትን 3 ቡሎኖች ከመፍታታችሁ በፊት ብረቱ ላይ በስለት ምልክት አድርጉ፤ ያለዚያ የጎማው አቅጣጫ ይዛባል።

አሁን ወደ ፍሬኑ። «ፍሬኑ አይዝም» የሚባለው ብዙ ጊዜ የፍሬን ችግር አይደለም። የጎማው ኩሽኔታ የሚረሰው በካምቢዮ ዘይት ነው፤ ኦይል ሲሉ (ዘይቱን የሚያግደው ቀለበት) ሲያልቅ ዘይቱ የፍሬን ሸራው ላይ ይፈሳል። ዘይት የጠጣ ሸራ በቤንዚን ታጥቦ አይድንም፣ ጣሉት። ሸራ ከመቀየራችሁ በፊት ሲሉን ከነላስቲክ ቀለበቶቹ ቀይሩ። ታምቡሩን (ሸራው የሚይዘውን ክብ ብረት) ደግሞ በኮምፕረሰር አትንፉት፤ በአሮጌ ሸራ ብናኝ ውስጥ አስቤስቶስ ሊኖር ይችላል። በእርጥብ ጨርቅ ይጠረግ።

ሸራው ከገባ በኋላ ማስተካከያውን ጎማው እስኪያዝ አጥብቁት፣ ከዚያ 3 ወይም 4 ጥርስ መልሱት። የእጅ ፍሬኑ ከዚህ በኋላ ነው የሚስተካከለው፤ እጀታው ሲሳብ በ2 ጥርስ ሁለቱም ጎማ እኩል መያዝ ይጀምር፣ በ4 በእጅ አይዙር። አየር ስታስወጡ መሪዋ በግራ ከሆነ ከቀኝ ኋላ ጀምሩ፣ ከዚያ ግራ ኋላ፣ ቀኝ ፊት፣ በመጨረሻ ግራ ፊት። ክዳኑ ተከፍቶ የሰነበተ የፍሬን ዘይት ግን አትጠቀሙ፣ ውሃ ይስባል።

የአክስሉ ዳዶ በ36 ቁጥር መፍቻ የሚፈታ ነው፣ ጥብቀቱ ወደ 300 ኒውተን ሜትር። አንድ ሜትር ቧንቧ መፍቻው ላይ ሰክታችሁ ጫፉ ላይ 30 ኪሎ ብትሰቅሉ ያህላል። መኪናዋ መሬት ላይ ትሁን እንጂ ክሪክ ላይ አታጥብቁት። የኮፒልያው (ዳዶው እንዳይላላ የሚቆልፈው ሽቦ) ቀዳዳ ካልገጠመ አጥብቃችሁ አግኙት፣ በፍጹም ወደ ኋላ አትመልሱ። የላላ ዳዶ የታምቡሩን ጥርስ ይበላል፤ ያኔ ሞተሩ እየዞረ መኪናዋ አትሄድም። ጥቂት ከነዳችኋት በኋላ ኮፒልያውን አውጥታችሁ ጥብቀቱን ድጋሚ ፈትሹ።