የድሮው ወይስ የአሁኑ? የሽጉጥ ጥይት ስለሚጎርሱ ካርባይኖች

[ምስል፦ ሁለት ጠመንጃዎች ጠረጴዛ ላይ፤ ሁለቱም ባዶ፣ መዝጊያቸው ክፍት]

ከፊታችሁ ሁለት ካርባይኖች፣ ማለትም አጫጭር ጠመንጃዎች አሉ። አንዱ የእንጨት ሰደፍ አለው፤ የሚያቀባብለው ከቃታው ሥር ባለው ማንሻ ነው። ሌላው ከፕላስቲክና ከአሉሚኒየም የተሠራ ነው፤ ካዝናው ከሥር ይሰካል፣ ከእያንዳንዱ ተኩስ በኋላም ራሱ ያቀባብላል። መልካቸው አይገናኝም። የሚጎርሱት ግን ሁለቱም የሽጉጥ ጥይት ነው። ለመግዛት የሚያስብ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከመልካቸው ይነሳል። እኔ ግን መጀመሪያ ጥይቱን ምረጡ እላለሁ።

ነገሩ ከጥንትም የተጀመረው በጥይት ነው። የአሜሪካው ጠመንጃ ሠሪ ዊንቸስተር እ.ኤ.አ. በ1873 ባወጣው ጠመንጃ ላይ 44-40 የተባለ ጥይት ቀረበ፤ 44 ካሊበሩን፣ 40 ደግሞ በግሬን (በትንሽ የክብደት መለኪያ) የተለካውን የጥቁር ባሩድ መጠን ያመለክታል። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ሌላው መሣሪያ ሠሪ ኮልት ስድስት ጎራሽ ሽጉጡን ለዚያው ጥይት ሠራ። ከዚያ በኋላ ከሰው ርቆ የሚጓዝ ሰው አንድ ዝናር ታጥቆ ሁለቱንም መሣሪያ መመገብ ቻለ። ዛሬ የ9 ሚሊ ካርባይን የሚገዛ ሰው የሚፈልገውም ይህንኑ ነው፤ ያውም አንዳንዶቹ ካርባይኖች የሽጉጡን ካዝና ራሱን ይቀበላሉ።

[ምስል፦ 357 ማግነምና 9 ሚሊ ጥይት ቆመው፤ ካሜራው ወደ ቀለሃቸው ግርጌ ይጠጋል]

አሁን ሁለቱን ጥይቶች ልብ በሉ። የ357 ማግነም ቀለሃ ረጅም ነው፣ ግርጌው ላይም ወደ ውጭ የወጣ ከንፈር አለው። የ9 ሚሊው አጭር ነው፣ ከንፈሩም ከቀለሃው አይወጣም። ከንፈር ያለው ጥይት በካዝና ውስጥ አንዱ በአንዱ ላይ ሲደረደር ይያያዛል፤ ከአፈሙዙ ሥር በተዘረጋ ቱቦ ውስጥ ግን ያለ ችግር ይሰለፋል። ማንሻ ያላቸው ጠመንጃዎች ከ357 ጋር፣ ዘመናዊዎቹ ከ9 ሚሊ ጋር የተጣመሩት በአብዛኛው ለዚህ ነው።

ትልቁ ልዩነት ባሩዱ ላይ ነው። ማግነም ብዙ ባሩድ ይይዛል፣ የሚነደውም ቀስ ብሎ ነው። ስለዚህ አፈሙዙ ሲረዝም አረሩ የሚገፋበት ጊዜ ያገኛል። ከአጭር ሽጉጥ በሰከንድ 380 ሜትር አካባቢ የሚወጣ የ10 ግራም አረር፣ ከካርባይን ሲተኮስ 550 ሜትር ሊደርስ ይችላል። ጉልበቱ እጥፍ ሆነ ማለት ነው። የ9 ሚሊ ባሩድ ግን ትንሽና ፈጣን ስለሆነ ቶሎ ነዶ ያልቃል፤ ከ350 ወደ 400 ሜትር ገደማ ከፍ ቢል ነው። እንግዲያው ዘመናዊዎቹ ለምን የ16 ኢንች አፈሙዝ በዛባቸው? አንዱ ምክንያት የአሜሪካ ሕግ ነው፤ ከዚያ ያጠረ አፈሙዝ ያለው ጠመንጃ የተለየ ምዝገባ ይጠይቃል።

መቶ ሜትር ውስጥ መካከለኛ አውሬ ለማደን ካሰባችሁ፣ ለእኔ ክርክሩ እዚህ ላይ ያልቃል፤ 357 ያዙ።

[ምስል፦ ውስጣቸውን ገልጦ የሚያሳይ ሥዕል፤ የመዝጊያዎቹ እንቅስቃሴ በዝግታ]

ወደ ውስጣቸው እንግባ። የ1873ቱ መዝጊያ የሚቆለፈው እንደ ሰው ጉልበት ቀጥ በሚል መገጣጠሚያ ነው። ለስላሳ ነው፣ ሲቀባበል ደስ ይላል፣ ብርቱ ግን አይደለም። ጆን ብራውኒንግ ለዊንቸስተር በነደፈው የ1892 ሞዴል ሁለት ቋሚ የብረት ቁልፎች ከመዝጊያው ግራና ቀኝ ይገባሉ፤ መዝጊያው በብረት ስለታሰረ ከባድ መሆን አያስፈልገውም።

አብዛኞቹ የ9 ሚሊ ካርባይኖች ግን መቆለፊያ የላቸውም። መዝጊያውን የሚይዘው የራሱ ክብደትና ሞላው (ስፕሪንጉ) ብቻ ነው። ጥይቱ ሲተኮስ ጋዙ ቀለሃውን፣ ቀለሃውም መዝጊያውን ወደ ኋላ ይገፋል፤ መዝጊያው ቶሎ እንዳይከፈት ታዲያ ከባድ መሆን አለበት። ያ ሁሉ ብረት ወደ ኋላ ሄዶ ሲቆም ትከሻችሁ ይሰማዋል። «ይቺ ትንሽ ጥይት ናት እንዲህ የምትመታው?» የሚሉ ሰዎች የሚገረሙት በጥይቱ ሳይሆን በመዝጊያው ነው። ሩገር የተባለው ኩባንያ ፒሲ ካርባይን በሚለው ጠመንጃው ላይ ከተንግስተን፣ ከከባድ ብረት፣ የተሠራ ክብደት የጨመረው ይህን ምት ለማለዘብ ነው። ኤምፒ5 የተባለው የጀርመን አጭር አውቶማቲክ መሣሪያ ደግሞ መዝጊያውን በትናንሽ ተንከባላዮች ያዘገየዋል፤ ስለዚህ ቀለል ባለ መዝጊያ ይሠራል። ዘመናዊ ከመረጣችሁ ስለ ቀለሙና ስለ መያዣው ከመጠየቃችሁ በፊት መዝጊያው እንዴት እንደሚዘገይ ጠይቁ።

ለዒላማ ልምምድና ለፍጥነት ውድድር ዘመናዊው ይበልጣል። ካዝና በአፍታ ይቀየራል፣ የነጥብ ማነጣጠሪያ በቀላሉ ይገጠማል፣ 9 ሚሊም በየቦታው ይገኛል። ማንሻ ያለው ግን አንድ ጸጋ አለው፤ በ357ቱ ውስጥ 38 ስፔሻል የተባለውን አጠር ያለና ለስላሳ ጥይት መተኮስ ይቻላል። ከመግዛታችሁ በፊት አጭሩን ጥይት አስተካክሎ መጉረሱን ፈትሹ፤ የሚያንቃቸው አሉ።

የአገራችሁንም ሕግ እዩ። ብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ1988 ከትንሹ 22 ካሊበር በቀር ራሳቸውን የሚያቀባብሉ ጠመንጃዎችን ከለከለች፣ በ1997 ደግሞ ሽጉጥን። የዚያ አገር ክለቦች በ357 ማንሻ ጠመንጃ የሚወዳደሩት ወደውት ብቻ ሳይሆን የቀረላቸው እሱ ስለሆነም ነው።

[ምስል፦ እጅ ጠመንጃዎቹን ባዶ ሲያደርግ]

ስለ ማራገፍ ሳልናገር አላልፍም። ዘመናዊውን ካዝናውን ነቅላችሁ «ባዶ ነው» እንዳትሉ፤ አንድ ጥይት አፈሙዙ ውስጥ ቀርታ ይሆናል። መዝጊያውን ሳቡ፣ እዩ፣ በጣታችሁም ዳብሱ። በድሮው ቱቦው በዓይን አይታይም፤ ጣታችሁን ከቃታው አርቃችሁ፣ አፈሙዙን ወደ ደህና አቅጣጫ ይዛችሁ፣ ምንም እስከማይወጣ ድረስ ማንሻውን አመላልሱ፤ ከዚያም የጥይት መግፊያው በመዝጊያው በኩል ባለው የቱቦው የኋላ ጫፍ ላይ መታየቱን አረጋግጡ።