ባዶ መኪና እና የሐረጎ ቁልቁለት

እንደምን ሰነበታችሁ፣ አድማጮቼ። ዛሬ የምናገረው ኮምቦልቻ ሆኜ ነው፤ መስኮቱን ብዘጋውም የከባድ መኪና ድምፅ አልፎ አልፎ ሊገባ ስለሚችል ይቅርታ አድርጉልኝ። ጉዳዬም ከዚሁ ድምፅ አይርቅም። ተሳቢ ያለው መኪና ለመንዳት የሚፈልግ ሰው የተግባር ፈተና ላይ ሲቀርብ ምን ሊጠየቅ ይገባዋል የሚለውን ለብዙ ጊዜ ሳብሰለስለው ኖሬያለሁ።

እኔ የተፈተንሁት በባዶ መኪና ነበር። ሜዳው ደልዳላ ነው፤ ተሳቢውንም ሌላ ሰው ቀጥሎት አገኘሁት። በተተከሉት እንጨቶች መካከል ወደ ኋላ አስገባሁ፣ መለስተኛ ዳገት ላይ አቁሜ ሳልንሸራተት ተነሣሁ፣ አለፍሁ። አባቴ የዚያን ዕለት ማታ የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «ስንት ኩንታል ጭነህ ነበር?» ምንም እንዳልጫንሁ ስነግረው ሣቀና «እንግዲያው ፈታኝህ ሐረጎ ላይ እየጠበቀህ ነው» አለኝ።

ሐረጎን የወሎ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ለማያውቀው ግን፣ ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ስትሆን ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ሜትር ላይ ናት፤ በሐረጎ በኩል ይህን ሁሉ ከፍታ የሚያወርደው ጠመዝማዛ መንገድ ርዝመቱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ጭነት የያዘ መኪና ይህን ቁልቁለት በእግር ፍሬን ብቻ ተማምኖ ሲወርድ ከጎማው ጋር የሚዞረው ታምቡር ይግላል፣ እሱን የሚይዘው የፍሬኑ ሸራ የመያዝ ኃይሉን እያጣ ይሄዳል፣ አሽከርካሪውም ፔዳሉን አጥብቆ በረገጠ መጠን ሙቀቱን ያባብሰዋል። በዚያን ጊዜ ማርሽ ልቀንስ ቢል፣ መኪናው ፍጥነት ስለያዘ ማርሹ አይገባለትም፤ ካምቢዮው ባዶ ላይ ከቀረበት ደግሞ ሞተሩ ይይዝለት የነበረውን ጭምር አጣ ማለት ነው። ስለዚህ ማርሽ የሚቀነሰው ቁልቁለቱ ሳይጀመር፣ ገና አናቱ ላይ ነው። አባቴ «በወጣህበት ማርሽ ውረድ» ይለኝ የነበረው ለዚህ ነው። ይህን ትምህርት ባዶ መኪና ሊሰጥ አይችልም፤ ባዶ መኪና በማንኛውም ማርሽ ይወርዳልና።

እንግሊዝ አገር በከባድ መኪና የሚሠራ የአጎቴ ልጅ አለኝ። ስለ ፈተናው በስልክ ሲያጫውተኝ ከሁሉ በላይ ያስገረመኝ የክብደቱ ነገር ነበር። በዚያ አገር ከነተሳቢው የሚፈተን ሰው ይዞት የሚቀርበው ሃይቤድ፣ ማለትም ተሳቢው ፊቱን በጎታቹ መኪና ላይ አሳርፎ የሚሄደው፣ ቢያንስ 14 ሜትር የሚረዝም፣ 20 ቶን ድረስ እንዲመዝን የተፈቀደለት መሆን አለበት፤ በፈተናው ዕለትም በትክክል ከ15 ቶን ያላነሰ መመዘን ይጠበቅበታል። ለዚህም አንድ አንድ ሺህ ሊትር የሚይዙ በውኃ የተሞሉ በርሜሎችን ይጭናሉ። ውኃ መሆኑ አሳቀኝ፤ እኛ ጋ ቢሆን ግማሹ መንገድ ላይ በጀሪካን ተቀድቶ ያልቅ ነበር። ፈተናው ለሁለት የተከፈለ ነው። አንዱ ግቢ ውስጥ ወደ ኋላ ማስገባትና ተሳቢውን ፈትቶ መልሶ መቀጠል ሲሆን፣ ሁለተኛው በመንገድ ላይ መንዳት ነው። መንገድ ላይ እስከ 15 ቀላል ስሕተት ይታለፋል፤ አንድ ከባድ ስሕተት ግን ይጥላል።

በአንድ ነገር አልተስማማንም። እ.ኤ.አ. ከኅዳር 2021 ወዲህ እዚያ አገር የቤት መኪና መንጃ ፈቃድ ያለው ሰው ያለ ተሳቢ የሚነዳውን የጭነት መኪና ሳይፈተን በቀጥታ ለተሳቢው መፈተን ይችላል። እሱ ጊዜ ይቆጥባል ይላል፤ እኔ ግን አንዱን ደረጃ የዘለለ ሰው ክብደትን በመቀመጫው ሳያውቀው የቀረ ይመስለኛል።

መፍታትና መቀጠል መፈተኑን የወደድሁት በራሴ ላይ ከደረሰው የተነሣ ነው። አንድ ሌሊት በዝናብ ውስጥ ተሳቢ ስቀጥል ለተሳቢው ፍሬን ንፋስ የሚያደርሱትን ቱቦዎች አገናኘሁ፣ መብራቱን አየሁ፣ ተሳቢውን ከመኪናው ጋር የሚያያይዘው ፒን መቆለፉን ግን በእጄ አልዳሰስሁም። ረዳቴ ከኋላ ሆኖ «አብሽር፣ ይዟል» አለኝ፤ እኔም አምኜው ተነሣሁ። አሥር ሜትር ያህል እንደሄድሁ የመጎተቻው ዘንግ መሬት ሲመታ ሰማሁ፣ ቱቦው ተበጠሰ፣ ንፋሱም እንደ እባብ እየፎጨ ወጣ። ተሳቢው የንፋስ ግፊቱን ሲያጣ ፍሬኑ በራሱ ስለሚይዝ ባለበት ቆመ። ቁልቁለት ላይ ብሆን ኖሮስ እያልሁ ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ረዳቴን አልወቅሰውም፤ ወርዶ መዳሰስ የኔ ሥራ ነበር።

ተሳቢ ስንል ደግሞ ሁሉም አንድ አይደለም። ሃይቤድ የሚታጠፈው በአንድ ቦታ ነው፤ እኛ ጋ በብዛት የሚታየው፣ የፊት ጎማው ከነዘንጉ የሚዞረው ተሳቢ ግን በሁለት ቦታ ይታጠፋል፤ ወደ ኋላ ስታስገቡት መጀመሪያ መሪውን የምታዞሩበት አቅጣጫ ከሃይቤዱ ተቃራኒ ነው። በአንዱ የተፈተነ ሰው በሌላው ሲቀርብ እጁ ያታልለዋል፤ ፈተናውም በሁለቱም ሊሆን በተገባው ነበር።

የእኅቴ ልጅ በሚቀጥለው ሳምንት ይፈተናል። ትናንት አንድ የማውቀው ባለመኪና ጭነት እስኪያገኝ በቆመበት ግቢ ወስጄው ተሳቢውን ሦስት ጊዜ አስፈታሁት፣ ሦስት ጊዜ አስቀጠልሁት። ከቀጠለ በኋላ፣ የተሳቢው ፍሬን እንደያዘ፣ በአንደኛ ማርሽ ቀስ አድርጎ ወደ ፊት እንዲስበው፣ መኪናው ተወጥሮ ከቆመም ወርዶ ፒኑን በእጁ እንዲነካው ነገርሁት። በሦስተኛው ጊዜ ሳልነግረው ወረደ፤ እጁ ግራሶ በግራሶ ሆኖ ተመለሰ።