«ምን ደረሰህ?»፦ የተማርነው ትምህርት ሥራ ያስገኛል ወይ?

[ምስል፦ ደሴ፣ ፒያሳ። ጠዋት። ጉሙ ገና ከጦሳ ተራራ ላይ አልተነሳም። አንድ የማስታወቂያ ሰሌዳ።]

ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ነው። የደሴን ብርድ ታውቁታላችሁ። ሦስት ልጆች ሰሌዳው ፊት ቆመው የክፍት ሥራ ማስታወቂያ በስልካቸው ፎቶ ያነሳሉ። አንዱ ጣቱን ወረቀቱ ላይ እያስኬደ ያነባል። የሚያየው ሦስት ነገር ብቻ ነው፦ የትምህርት ዓይነት፣ ብዛት፣ ልምድ። «ሲቪል ምህንድስና፣ ብዛት 1፣ ልምድ 4 ዓመት።» ጣቱ ወደ ታች ይወርዳል። «አካውንቲንግ፣ ብዛት 2፣ 0 ዓመት።» ከኋላው ያለችው ልጅ «ውይ፣ ዜሮ ዓመት አለ!» ብላ ተጠጋች።

ጣቱን የሚያስኬደው የአክስቴ ልጅ ነው። ሲቪል ነው የተማረው። ዛሬ ስለሱ ላወራ ነው፤ ፈቅዶልኛል። ስሙን ግን አልጠራም። ደሴ ትንሽ ከተማ ናት።

[ምስል፦ ባዶ ጥቁር ሰሌዳ። በጠመኔ «ምን ደረሰህ?» ተብሎ ይጻፋል።]

ከአንድ ቃል እንጀምር። እኛ ጋ ዩኒቨርሲቲ የገባን ልጅ «ምን መረጥክ?» አንለውም። «ምን ደረሰህ?» ነው የምንለው። ዕቁብ እንደሚደርሰው፣ ሎተሪ እንደሚደርሰው። ቃሉ አልተሳሳተም። ልጁ ፍላጎቱን በቅደም ተከተል ይሞላል፤ የሚወስነው ግን ውጤቱና የቦታው ብዛት ነው።

በ2001 ዓ.ም. ገደማ 70/30 የሚባለው አሠራር መጣ። ዩኒቨርሲቲ ከሚገቡ 100 ተማሪዎች 70ዎቹ ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30ዎቹ ወደ ማኅበራዊ ሳይንስ ይሂዱ የሚል ነው። በዚያው ዘመን ዩኒቨርሲቲዎች በየአካባቢው ተከፈቱ። ወሎም ደረሰው፤ ወሎ ዩኒቨርሲቲ ደሴና ኮምቦልቻ ላይ፣ ወልዲያ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ወደ ሰሜን። የወሎ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ትምህርት ያለው ኮምቦልቻ ነው። በየዓመቱ ሰኔና ሐምሌ ላይ ጥቁር ጋውን የለበሰ መሐንዲስ በሽ በሽ ሆነ። የመሐንዲስ ሥራ ግን በዚያው ልክ በሽ በሽ አልሆነም።

[ምስል፦ የዓለም ካርታ፤ ቀጥሎ የአሞሌ ግራፍ።]

ሌላው ዓለምስ? የበለጸጉት አገሮች ስብስብ የሆነው ኦኢሲዲ ከ25 እስከ 64 ዓመት ያሉ አዋቂዎችን በተማሩት ትምህርት እየለየ ያወዳድራል። እዚያ በኮምፒውተርና በምህንድስና ከተመረቁ 10 ሰዎች ወደ 9 የሚጠጉት ይሠራሉ። በኪነጥበብ፣ በቋንቋና በታሪክ ከተመረቁት ደግሞ ከ10ሩ ከ8 ትንሽ በለጥ የሚሉት። ልዩነት አለ። ግን ስንት ቤት ውስጥ «ታሪክ ተምረህ ምን ልትበላ ነው!» እየተባለ የሚለቀሰውን ያህል አይደለም። እዚያ ትልቁ ገደል ያለው በተማረውና ሁለተኛ ደረጃን ባልጨረሰው መካከል ነው። ካልጨረሱት ሥራ ያላቸው ከ10 ሰው ወደ 6 ገደማ ነው።

አሁን ካርታውን ወደኛ እናምጣው። ነገሩ ይገለበጣል። እንደኛ ባሉ ገቢያቸው ዝቅተኛ አገሮች ብዙ ጊዜ «ሥራ አጥ» ተብሎ የሚቆጠረው የተማረው ነው። ያልተማረው ሥራ ስለሞላለት አይደለም። ሥራ አጥ ሆኖ መቀመጥ አቅም ስለሚጠይቅ ነው። ቤት የሚያበላ እናት፣ ፎቶ ኮፒ የሚከፍል ወንድም፣ ለፈተና አዲስ አበባ ሲኬድ የሚያሳድር ዘመድ ይፈልጋል። ይህ የሌለው ሰው ነገ ጠዋት ሸክምም ቢሆን ይሸከማል። በ2013 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ በተደረገው የሰው ኃይል ጥናት በከተማ ሥራ አጥነቱ ወደ 19 ከመቶ፣ በገጠር ወደ 5 ከመቶ ነበር። የገጠሩ ሰው ከከተማው በአራት እጥፍ ደልቶታል የሚል ካለ አንድ ክረምት ዋድላ ደላንታ ወርዶ ይየው።

[ምስል፦ 100 የሰው ምስሎች በሦስት ቀለም።]

እዚህ ላይ ቀስ እንበል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው።

የአንድ ትምህርት 100 ምሩቃን እንውሰድ። ቁጥሩ የኔ ፈጠራ ነው፣ ስሌቱን ለማሳየት ብቻ። 75ቱ ይሠራሉ። 15ቱ ሥራ ይፈልጋሉ። 10ሩ ቤት ናቸው፤ አይሠሩም፣ አይፈልጉም። የሚሠሩት 75 ከመቶ ናቸው። የሥራ አጥነቱ መጠን ግን 15 ከመቶ አይደለም። 15 የሚካፈለው ለ100 ሳይሆን ለ90 ነው፤ ለሚሠሩትና ለሚፈልጉት ድምር። ወደ 17 ከመቶ ይመጣል።

አሁን ሌላ ትምህርት። 60 ይሠራሉ፣ 5 ይፈልጋሉ፣ 35 ቤት ናቸው። 5ን ለ65 አካፍሉት። 8 ከመቶ እንኳ አይሞላም።

እንግዲህ ፌስቡክ ላይ «ሥራ አጥነት ዝቅተኛ የሆነበት ትምህርት» ተብሎ የሚለጠፈው ሁለተኛው ነው። ብዙ ሰው የሚሠራው ግን በመጀመሪያው ነው። እነዚያ 35ቱ የት ሄዱ? አንዷ አግብታ ልጅ ታሳድጋለች። አንዱ ታሟል። ሌላው ሦስት ዓመት ፈልጎ ፈልጎ ሰልችቶት ተቀምጧል። የሰለቸው ሰው «አይፈልግም» ተብሎ ከስሌቱ ይወጣል። እንዲህ ያለ ግፍ ቁጥር ውስጥም አለ።

የኛ አገር የከተማ ጥናቶች ለዚህ ትንሽ ይራራሉ። ለሥራ ዝግጁ ከሆነ፣ ባይፈልግም ሥራ አጥ ብለው ይቆጥሩታል። ስለዚህ የኛን ቁጥር ከሌላ አገር ጋር አስተያይቶ ከመደናገጥ በፊት ማን እንደተቆጠረ መጠየቅ ነው።

[ምስል፦ ባጃጅ ከቧንቧ ውሃ ሰፈር ወደ ፒያሳ ዳገቱን ስትወጣ።]

ሌላም አለ። በዓለም አቀፉ መለኪያ ባለፈው አንድ ሳምንት ውስጥ ለአንድ ሰዓት ያህል ለገቢ የሠራ ሰው ሥራ አለው። አዎ፣ አንድ ሰዓት። የአክስቴ ልጅ ከሰዓት በኋላ የሰው ባጃጅ ይነዳል። ለባለቤቱ የቀን ገቢ አስረክቦ የተረፈውን ይይዛል። ቤንዚን የጠፋ ቀን ሰልፍ ላይ ይውላል። ስለዚህ በመዝገብ ላይ «በሲቪል ምህንድስና የተመረቀ፣ ሥራ ያለው» ነው። ግራፉ ላይ የምህንድስናን አሞሌ ከፍ ከሚያደርጉት አንዱ እሱ ነው ማለት ነው! ይህን ስነግረው በጣም ሳቀ። «ታዲያ ደሞዙን ለምን አሞሌው አይከፍለኝም?» አለኝ።

አንድ ትምህርት ሥራ ያስገኛል ሲባል እንግዲህ ሁለት የተለያየ ነገር ነው። ሥራ ማግኘት አንድ። በተማሩት መሥራት ሌላ። ሁለተኛውን የሚነግራችሁ ግራፍ ብዙ ጊዜ አታገኙም።

[ምስል፦ በእጅ የተሳሉ በሮች። አንድ ትልቅ በር፤ ጎኑ ብዙ ትንንሽ በሮች።]

ታዲያ የትምህርት ዓይነት ለውጥ የለውም ልል ነው? አይደለም። አለው። ግን እኔ «የትኛው ትምህርት ሥራ አለው?» ማለት ትቻለሁ። «ስንት በር አለው?» ነው የምለው።

አንድ በር ብቻ ያላቸው ትምህርቶች አሉ። ጂኦግራፊ ወይም ታሪክ የተማረ ሰው በዋናነት የሚያንኳኳው የትምህርት ቤትን በር ነው፤ በሩን የያዘው ደግሞ መንግሥት ነው። በጀት ሲለቀቅ ይከፈታል፣ በጀት ሲታጠፍ ይዘጋል። ጤናም እንደዚያ ነበር። ድሮ ጤና የተማረ ይመደባል፣ አለቀ። ከዚያ ሐኪሞች ተመርቀው ቅጥር ጠበቁ ሲባል ሰማን። «ዶክተር ሥራ ፈታ» የሚለውን አያቴ እስካሁን አታምንም። ትምህርቱ አልተበላሸም። በሩ አንድ ነበር፣ የቆመው ሰው በዛ።

የሚያናድደኝ የእንስሳት ሳይንስ ነው። ሰኞ ሰኞ ባቲ ገበያ ሂዱ። ግመሉ፣ በሬው፣ ፍየሉ መሬቱን ሸፍኖታል። በእንስሳት ሳይንስ የተመረቀው ልጅ ግን ወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤት ቅጥር እስኪወጣ ይጠብቃል። ወዲያው አንድ አሠልጣኝ ተነስቶ «ሥራ ፈጣሪ ሁን!» ይለዋል። በምን? አምስት በሬ ገዝቶ ለማደለብ ገንዘብ ያስፈልጋል። ባንኩ ማስያዣ ይላል። ማስያዣው የአባቱ ቤት ነው፣ የአባቱ ቤት ካርታ የለውም። ይህን ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው አዳራሽ ውስጥ ስብከት ባይሰብክ ደስ ይለኛል።

ብዙ በር ያለው አካውንቲንግ ነው። ሱቅ፣ ፋብሪካ፣ ባንክ፣ ኅብረት ሥራ ማኅበር፣ ሆስፒታል፣ ሁሉም ሒሳብ የሚይዝ ይፈልጋል። ዜሮ ዓመት የምትለዋ ማስታወቂያም ብዙ ጊዜ እሱ ጋ ነው የምትገኘው። ችግሩ ይህን ሁሉም ያውቃል። የማታውም፣ የርቀቱም፣ የግል ኮሌጁም አካውንታንት ያስመርቃል። በሩ ብዙ፣ በየበሩ ሰልፍ።

ቤት ውስጥ መስመር የሚዘረጋው የቴክኒክና ሙያ ምሩቅስ? ደረጃ 3 ወይም 4 ጨርሶ ሲኦሲ የሚባለውን የሙያ ብቃት ምዘና ያለፈ ኤሌክትሪሺያን? በሩ ላይ ዘበኛ የለም። ኮርቻ የምታህል የመሣሪያ ቦርሳ ይዞ ይዞራል። ፎቅ በሚሠራበት ሁሉ ይጠሩታል። ሠርግ ላይ ግን «ልጁ ምንድን ነው?» ሲባል እናቱ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነው የምትመልሰው።

ኮምፒውተር ሳይንስ ደግሞ ዓለም ላይ አንደኛ ነው የተባለው አይደል? በሩ ሰፊ ነው፣ አገር አያግደውም፣ ቤትህ ተቀምጠህ ለውጭ አገር ትሠራለህ ይባላል። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተዘጋ፤ ለወራት ተዘግቶ ቆየ። በሩ እንዳለ ነበር። ቁልፉ ሌላ ሰው እጅ ሆነ እንጂ።

[ምስል፦ ሁለት የምረቃ ፎቶዎች፣ ጎን ለጎን ግድግዳ ላይ።]

አክስቴ ሳሎን ሁለት የምረቃ ፎቶ ተሰቅሏል። የትልቁ ልጇና የትንሹ፤ ትንሹ ባጃጅ የሚነዳው ነው። ሁለቱም ሲቪል ናቸው። ውጤታቸውም ይቀራረባል።

ትልቁ የወጣው በ2005 ዓ.ም. ነው። መንገዱ፣ ኮንዶሚኒየሙ፣ ግድቡ በሚሠራበት ዘመን። ቴምፖውን፣ ጊዜያዊ ዲግሪውን፣ ሳይቀበል መንገድ ሥራ ላይ ተቀጠረ። ከአዋሽ በኮምቦልቻ ወደ ሐራ ገበያ የሚሄደው የባቡር መስመር ሲጀመርም ጓደኞቹ እዚያ ሄዱ። ትንሹ በ2013 ወጣ። ሲሚንቶ በወረፋ፣ ኮንትራክተሩ በየቦታው ቆሟል። በ2014 ደግሞ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ገባ። ፋብሪካዎች ተዘረፉ፣ ቆሙ። በዚያው ሰሞን፣ ጥር 2022 በፈረንጆቹ፣ አሜሪካ ለኢትዮጵያ ትሰጥ የነበረውን የአጎዋ ከቀረጥ ነጻ ዕድል አነሳች። በ2009 የተመረቀው የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክም በዚህ ሁሉ ተመታ።

አንድ እናት፣ አንድ ትምህርት፣ ስምንት ዓመት ልዩነት። በክፉ ዓመት የተመረቀ ሰው ጉዳቱ ለብዙ ዓመት እንደሚከተለው በተለያዩ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች ያሳያሉ። ለምን እንደሆነ እዚያ ሰሌዳ ላይ አይታችኋል፦ «ልምድ 4 ዓመት።» በክፉ ዓመት የወጣ ልጅ ልምዱን ከየት ያመጣል? አራት ዓመት ቆይቶ ሲመጣም ከጎኑ የሚቆመው አዲሱ ምሩቅ ነው።

[ምስል፦ የስፌት መኪና፣ በቅርብ። እጅ ብቻ ይታያል።]

የጎረቤታችን ልጅ ደግሞ ሶሲዮሎጂ ተምራ አንድ ፋብሪካ ገብታለች፣ ስፌት ላይ። ቅጹን ስትሞላ ዲግሪዋን አልጻፈችም። የ10ኛ ክፍል ሰርተፍኬቷን ነው ያስገባችው። ዲግሪ ያለው «አይቆይም፣ ይሄዳል» ብለው አይቀጥሩም ብላ ፈራች። አንድ ቀን የመስመር አለቃዋ የእንግሊዝኛ ወረቀት ማንበብ አቅቶት ሲያዞረው አየች። አንብባ ልትነግረው አፏ ላይ ደርሶ ነበር። ዝም አለች። የጥናት መረጃ ሰብሳቢ መጥቶ ቢመዘግባት «10ኛ ክፍል፣ ሥራ ያላት» ትሆናለች። የሶሲዮሎጂ አሞሌ ውስጥ የለችም። እንደሷ ያሉት ስንት እንደሆኑ ማንም ሊቆጥር አይችልም፤ መደበቁ ነውና ነገሩ።

[ምስል፦ የቡና ረከቦት። ጭስ። ባጃጇ በር ላይ ቆማለች።]

ቪዲዮውን አርትዕ ሳደርግ የአክስቴ ልጅ ደወለ። መንገድ ሥራ ላይ ተጠርቷል፣ ሦስት ወር፣ ኮንትራት። ማታ ቤታቸው ሄድኩ። አክስቴ ቶናውን እየቀዳች «ቋሚ ነው?» አለችው።

«ኮንትራት ነው፣ እማ።»

«አብሽር» አለች። በረካው ሳይቀዳ ባለ ባጃጁ ደወለ፤ ነገ ቁልፉን ማን እንደሚቀበለው ሊጠይቅ። የአክስቴ ልጅ ወደ እኔ ዞሮ «እኔ እኮ ትናንትም ሥራ አለኝ፣ ዛሬም ሥራ አለኝ፤ አሞሌው አልተነቃነቀም አይደል?» አለኝ።

አልተነቃነቀም።