ሳይረን ሲጮህ ምን እያለን ነው?

[የሳይረን ድምፅ]

ሰማችሁት? ከታች ይነሳል፣ ይወጣል፣ ይወጣል፣ ከዚያ ይወርዳል። እንኳን ደህና መጣችሁ! ዛሬ የምናወራው ምሰሶ ላይ ተሰቅሎ ከተማ ስለሚያስጠነቅቀው ሳይረን ነው።

መጀመሪያ ግን ኡኡታን አስቡልኝ። ጅማ ያደገ ሰው ያውቀዋል። ክረምት ነው፣ ሌሊት ነው፣ አዌቱ ወንዝ ሞልቷል። ከታች ሰፈር አንዲት እናት "ኡኡ!" ትላለች። ጎርፍ ነው አላለችም። ሌባ ነው አላለችም። ኡኡ ብቻ! አንዱ ባትሪውን ይዞ ይወጣል፣ አንዱ ዱላውን፣ አንዱ በባዶ እግሩ። ጎረቤቷ ትቀበላለች፣ ከሷ ቀጥሎ ያለው ይቀበላል፣ ሰፈሩ ይነቃል። ኡኡታ ወሬ አይነግርም፣ ይቀሰቅሳል። ወሬውን የምትሰማው ከነቃህ በኋላ ነው። ሳይረንም እንደዚያው ነው፤ ወሬ አይነግርም፣ ይቀሰቅሳል። ይህችን ያዙልኝ።

ልዩነታቸው አንድ ነው። ኡኡ ሲባል ወደ ድምፁ እንሮጣለን። ሳይረን ሲጮህ ግን ደጅ ወጥቶ ማንጋጠጥ የለም። ሬዲዮ ትከፍታለህ፣ ስልክህን ታያለህ፣ የተባልከውን ታደርጋለህ።

አሠራሩን ቶሎ ልበላችሁ። በድሮው ዓይነት፣ ሞተር ቀዳዳ ያለው ከበሮ ያሽከረክራል፤ ዙሪያውን ቀዳዳ ያለው የማይንቀሳቀስ ሽፋን አለ። ቀዳዳዎቹ ሲገጥሙ አየር ይወጣል፣ ሲተላለፉ ይቆረጣል። 10 ቀዳዳ ያለው ከበሮ በሰከንድ 50 ጊዜ ቢዞር አየሩ በሰከንድ 500 ጊዜ ይቆረጣል፤ 500 ኸርዝ የሚባለው ይህ ነው። ድምፁ ቀስ እያለ የሚወጣው ሞተሩ ፍጥነት እስኪይዝ ነው። አዲሱ ዓይነት ባትሪ፣ አምፕሊፋየርና የተደራረቡ የሞንታርቦ ቀንዶች ናቸው፤ ንግግርም ያስተላልፋል። ሁለቱንም አብዛኛውን ጊዜ ከማዕከል በሬዲዮ ያስነሷቸዋል። የድምፅ ጉልበት በዴሲቤል ይለካል፤ 30 ሜትር ላይ 120 ዴሲቤል የሆነ ድምፅ፣ ርቀቱ እጥፍ በሆነ ቁጥር ወደ 10 ገደማ ይቀንሳል ተብሎ ይሰላል። አንድ ኪሎ ሜትር ሳይሞላ 70 ይደርሳል። ይህ ደግሞ ደጅ ላለ ሰው ነው! የጅማ ዝናብ ቆርቆሮውን እየደበደበ አልጋህ ውስጥ ካለህ ላትሰማው ትችላለህ ማለት ነው። ለቤት ውስጥ ታስቦ አልተሠራም።

ባለፈው ቪዲዮ ሥር ደጋግማችሁ የጻፋችሁትን ሳልመልስ አላልፍም። "ሳይረኑ ከቆመ አደጋው አለፈ ማለት ነው አይደል?" አይደለም። አይደለም! በብዙ ቦታ 3 ደቂቃ ያህል ጮኾ ይቆማል፤ ሞተሩ እንዳይግል፣ ባትሪው ለሚቀጥለው ጥሪ እንዲተርፍ። ዝም ያለው ማሽኑ ነው፣ ጎርፉ አይደለም። ሐሳቡ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት እንግሊዝ ውስጥ ከፍ ዝቅ የሚለው ድምፅ ማስጠንቀቂያ ነበር፣ ወጥ ሆኖ የሚጮኸው ደግሞ "አውሮፕላኖቹ አልፈዋል"። ዛሬ ግን ብዙ ከተሞች "አልፏል" የሚል ድምፅ ጭራሽ የላቸውም። እናቲቱ ኡኡታዋን ስላቆመች አዌቱ ጎደለ እንዴ?

አሁን ወደያዛችሁልኝ ነገር። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2023 ሃዋይ፣ ማዊ ደሴት ላይ ላሃይና ከተማ በእሳት ስትጋይ ሳይረኖቹ ነበሩ፤ አልተነፉም። የወቅቱ ኃላፊ የሰጡት ምክንያት፣ ሕዝቡ ሳይረን ሲሰማ የባሕር ማዕበል መጣ ብሎ ወደ ተራራ እንዲሸሽ ስለተማረ፣ ወደ እሳቱ እንዳይወጣ ፈርተን ነው የሚል ነበር። ብዙ ትችት ደርሶባቸው በዚያው ሰሞን ሥራቸውን ለቀቁ። እኔ እሳቸውን ለመፍረድ አይደለም ያነሳሁት። ኡኡታ ለሁሉም ነገር ይሠራል፣ ሰው ደርሶ ይጠይቃልና። ሳይረንን ግን ማን ይጠይቀዋል? ስለዚህ እኔ ብጠየቅ፣ ጅማ ላይ ምሰሶ ከመቆሙ በፊት ትርጉሙ ይነገር እላለሁ። በእድር ይነገር፣ መስጊድና ቤተ ክርስቲያን ይነገር፣ ትምህርት ቤት ይነገር። "ይህን ድምፅ ስትሰሙ ከአዌቱ ዳር ተነስታችሁ ወደ ከፍታው ውጡ" ተብሎ፣ በአማርኛም በኦሮምኛም።

ቻናሉን ሰብስክራይብ አድርጉ፣ ደወሏንም ተጫኑ። የእናንተ ሰፈር ሰው አደጋ ሲመጣ በምን እንደሚጠራራ ከታች ጻፉልኝ፤ በሚቀጥለው ቪዲዮ አነብላችኋለሁ።