ግሸን መውጣት ያድናል? እምነት፣ ጸጋና ሥራ

[ምስል፦ ደሴ ከጦሳ ተራራ ላይ ስትታይ። ፒያሳ። መዝሙር እያሰሙ የሚያልፉ አውቶቡሶች።]

መስከረም 21 ሲቃረብ ደሴ በእንግዳ ትሞላለች። ከየአገሩ የተነሡ ምእመናን አድረውባት ወደ አምባሰል፣ ወደ ግሸን ደብረ ከርቤ ይቀጥላሉ። ነጠላ የለበሱ እናቶች፣ በትር የያዙ ሽማግሌዎች፣ ጫማቸውን አውልቀው ዳገቱን ሊወጡ የተሳሉ ወጣቶች።

በዚያው ሰሞን በዚያችው ከተማ አንድ ክርክር አብሮ ይነሣል። አንዱ «ይህ ሁሉ ድካም ለምን? መዳን በጸጋ አይደለም እንዴ?» ይላል። ሌላው አፉን እንኳ ሳያስጨርሰው «እናንተማ አምናለሁ ብላችሁ እጃችሁን አጣጥፋችሁ ልትገቡ!» ይለዋል። ከደሴ ኮምቦልቻ በሚወርድ ሚኒባስ ውስጥ ይህን ያልሰማ የደሴ ሰው ካለ እስቲ ይንገረኝ። አንዱ ኤፌሶንን ይጠቅሳል፣ ሌላው ያዕቆብን፣ ረዳቱ ሂሳብ ይሰበስባል፣ ሁሉም እንደ አመጣጡ ይወርዳል።

በዚህ ቪዲዮ የምለው ክርክሩ ቦታውን ስቷል ነው። «ቀድሞ የሚመጣው የእግዚአብሔር ጸጋ ነው ወይስ የሰው ሥራ?» ለሚለው ጥያቄ ኦርቶዶክሱም ፕሮቴስታንቱም መልሳቸው አንድ ነው፤ ጸጋ። የሚለያዩበት ሌላ ቦታ አለ። እሱ ደግሞ ትንሽ ልዩነት አይደለም። እኛ የወሎ ሰዎች ለሰላም ስንል «ያው ነው፣ ሁሉም አንድ ነው» ማለት ይቀናናል። እዚህ ላይ ግን ያው አይደለም።

[ጽሑፍ በስክሪኑ ላይ፦ ኤፌሶን 2፥8-10]

ከኤፌሶን እንጀምር። «ጸጋው በእምነት አድኖአችኋልና፤ ይህም የእግዚአብሔር ስጦታ ነው እንጂ ከእናንተ አይደለም፤ ማንም እንዳይመካ ከሥራ አይደለም።» አብዛኛው ጠቃሽ እዚህ ላይ ያቆማል። ቀጣዩ ቁጥር ግን እዚያው ነው ያለው፤ «እንመላለስበት ዘንድ እግዚአብሔር አስቀድሞ ያዘጋጀውን መልካሙን ሥራ ለማድረግ በክርስቶስ ኢየሱስ ተፈጠርን» ይላል። ጳውሎስ ሥራን ከበሩ አስወጥቶ አልቀረም። የመዳን ዋጋ ከመሆን አወረደውና የዳነ ሰው የሚኖርበት ኑሮ አደረገው።

[ምስል፦ ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ፣ ሠራተኞች ከፈረቃ ሲወጡ።]

ሥራ ለምን ዋጋ እንዳልሆነ ራሱ በሮሜ 4፥4 ያስረዳል፤ «ለሚሠራ ደመወዝ እንደ ዕዳ ነው እንጂ እንደ ጸጋ አይቆጠርለትም»። ኮምቦልቻ ፓርክ ውስጥ ልብስ የምትሰፋ ልጅ ወሩ ሲያልቅ ደመወዟ ሲገባ ድርጅቱን «ስለ ቸርነትህ አመሰግናለሁ» አትልም። ሠርታለች፤ የሚገባትን ነው የተቀበለችው። ቢዘገይ ትጠይቃለች፣ ቢጎድል ትከስሳለች። ጳውሎስ የሚለው እግዚአብሔር ዘንድ እንዲህ ያለ ተከፋይ የለም ነው። ሰማይ ቤት ሄዶ «የጾምኩት ተቆጥሮ ይሰጠኝ» የሚል ሰው የመጣበትን ቤት አላወቀም።

ያዕቆብስ? ያዕቆብ የሚናገረው ለሌላ ዓይነት ሰው ነው። በምዕራፍ ሁለት መጀመሪያ ላይ የወርቅ ቀለበት ያደረገው በክብር ቦታ ሲቀመጥ፣ ድኻው «ከዚያ ቁም» ሲባል እናያለን። እንዲህ ያለውን ጉባኤ ነው የሚገሥጸው። ቀጥሎም ራቁቱን የሆነና የዕለት ምግብ ያጣ ወንድም ወይም እኅት ያመጣና፣ አንድ ሰው «በደኅና ሂዱ፥ እሳት ሙቁ፥ ጥገቡም» ብሎ ምንም ሳይሰጥ ቢሸኛቸው ምን ይጠቅማቸዋል? ይላል። በኅዳር ብርድ፣ ደሴ ላይ፣ ጋቢ የሌለውን ሰው «እሳት ሙቅ» ብሎ መሄድ ምን እንደሆነ እዚህ አገር ለማንም ማብራራት አያስፈልግም። ያዕቆብ «የሞተ» የሚለው ይህን እምነት ነው። አጋንንትም ያምናሉ፣ ይንቀጠቀጡማል ይላል።

አሁን የሚገርመው ነገር ይመጣል። ሁለቱም ምስክር አድርገው የጠሩት አንድን ሰው ነው፤ አብርሃምን። ጳውሎስ ኦሪት ዘፍጥረት 15ን ይዟል። ይስሐቅ ገና አልተወለደም፤ አብራም ከዋክብቱን አይቶ የተሰጠውን ተስፋ አመነ፣ «ጽድቅም ሆኖ ተቈጠረለት»። ያዕቆብ ምዕራፍ 22ን ይዟል። ይስሐቅ ተወልዶ፣ አድጎ፣ እንጨት ተሸክሞ ተራራ ወጥቷል፤ አባቱ ቢላዋ አንሥቷል። በሁለቱ ምዕራፎች መካከል ረጅም ዘመን አለ። ጳውሎስ «አብርሃም በምን ጀመረ?» ለሚለው ይመልሳል፣ ያዕቆብ «ያ እምነት የት ደረሰ?» ለሚለው። ራሱ ያዕቆብ «በሥራም እምነት ተፈጸመ» ይላል እንጂ እምነትን አይተካም። ጳውሎስም በገላትያ 5፥6 የሚጠቅመው «በፍቅር የሚሠራ እምነት» ነው ብሏል። ሁለቱን ሐዋርያት ማጣላት የእኛ ሥራ ነው።

[ምስል፦ የክርስትና ሥርዓት፣ ሕፃን በነጭ ልብስ።]

ወደ ክሱ እንመለስ። «ኦርቶዶክስ በሥራ እድናለሁ ትላለች» የሚለው ክስ እስከ ምን ይቆማል? በእኔ ግምት ጥምቀቱ ጋ ሲደርስ ይወድቃል። ወንድ ልጅ በ40 ቀኑ፣ ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ክርስትና ይነሣሉ። የ40 ቀን ሕፃን ምን ጾመ? ለማን መጸወተ? ቤተ ክርስቲያኗ የእግዚአብሔር ልጅነትን የምትሰጠው ገና አንገቱን ላላቀና ልጅ ነው። ከዚህ በላይ «ከሥራ አይደለም» የሚል ነገር ማሰብ ይከብደኛል። እንዲያውም ነገሩ ይገለበጣል፤ ጸጋን አጥብቀው ከሚሰብኩት አብያተ ክርስቲያናት ብዙዎቹ፣ ሙሉ ወንጌልም ቃለ ሕይወትም፣ ሰውየው አድጎ በራሱ አፍ እስኪመሰክር ድረስ አያጠምቁም። መካነ ኢየሱስ ግን ሕፃን ታጠምቃለች።

ቅዳሴውንም ስሙት። አርባ አንድ ጊዜ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» የሚል ሕዝብ የሚገባውን ሊቀበል የመጣ ሕዝብ አይደለም፤ ምሕረት ለማኝ ነው።

ታሪኩም ይህንኑ ይላል። በአምስተኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ፔላግዮስ የሚባል መነኩሴ ሰው በተፈጥሮ ባለው ፈቃድ ብቻ ትእዛዛትን ጠብቆ ያለ ኃጢአት መኖር ይችላል የሚል ትምህርት ይዞ ተነሣ። የሰሜን አፍሪካው አውግስጢኖስ ተቃወመው፤ በ418 እ.ኤ.አ. የካርታጎ ጉባኤ አወገዘው። ይህ የምዕራቡ ጉዳይ ነው ብላችሁ እንዳታልፉት። ኤፌሶን ላይ በ431 እ.ኤ.አ. የተሰበሰበው ጉባኤ የፔላግዮስን ባልንጀራ ሴሌስጥዮስንና አሳቡን የሚከተሉትን አውግዟል። ኤፌሶን ደግሞ የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ከምትቀበላቸው ሦስት ጉባኤያት አንዱ ነው። ኤፌሶን ሲባል ሁላችንም ንስጥሮስን እናስታውሳለን፤ ሴሌስጥዮስን ማን ያስታውሰዋል? ይሁን እንጂ «በጉልበቴ እድናለሁ» ማለት በኦርቶዶክስ ሕግም ውግዘት ያለበት ነገር ነው።

ከወዲያ ያለው ክስም በዚያው ሚዛን ይመዘን። «ፕሮቴስታንት ሥራ አያስፈልግም ይላል።» ማርቲን ሉተር በ1517 እ.ኤ.አ. የተነሣው የኃጢአት ቅጣት ማቅለያ ወረቀት በገንዘብ ሲሸጥ አይቶ ነው፤ ከገንዘቡ የተወሰነው ሮም ላይ ለሚሠራው ለቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ይሄድ ነበር። «በእምነት ብቻ» የሚለው ቃል የጋለው በዚያ ገበያ መካከል ነው። ሉተር አንዳንዴ ምላሱ ይስታል፤ በ1522 የያዕቆብን መልእክት «የገለባ መልእክት» ብሏል። እኔ ይህን ልከላከልለት አልችልም። ግን ያው ሉተር እውነተኛ እምነት ሥራ የሚበዛበት ሕያው ነገር ነው፣ መልካም ሳያደርግ መኖር አይችልም ብሎ አስተምሯል።

[ምስል፦ ካርታ፣ ከኢትዮጵያ እስከ ዊተንበርግ።]

በመንገዳችን ላይ አንድ ታሪክ። በ1534 እ.ኤ.አ. ሚካኤል የተባለ ኢትዮጵያዊ ዲያቆን ሉተር ወደሚያስተምርባት ዊተንበርግ፣ ጀርመን ድረስ ሄዶ ከሉተርና ከባልደረባው ከሜላንክቶን ጋር በአስተርጓሚ ተነጋግሯል። በሥርዓት ቢለያዩም በእምነቱ መስማማታቸውን ሉተር ተቀብሎ የምስክርነት ደብዳቤ ሰጥቶታል። የእኛ የሚኒባስ ክርክር 500 ዓመት ሊሞላው ትንሽ ነው የቀረው ማለት ነው፤ ያኛው ግን በጨዋ ደንብ ተጠናቀቀ።

ሮምም፣ ማለትም የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን፣ ብትሆን ለሉተር መልስ በሰጠችበት በትሬንት ጉባኤ፣ በጥር 1547 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ውሳኔ የመጀመሪያው ቀኖና ሰው ያለ ክርስቶስ ጸጋ በራሱ ሥራ ይጸድቃል የሚለውን ያወግዛል። ጥቅምት 31 ቀን 1999 እ.ኤ.አ. የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያንና የሉተራን ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን አውግስበርግ ላይ የጋራ ሰነድ ፈረሙ። የእኛዋ መካነ ኢየሱስም የዚህ ፌዴሬሽን አባል ናት። የሰነዱ ፍሬ ነገር፦ ተቀባይነት የምናገኘው በጸጋ ብቻ ነው፣ በክርስቶስ የማዳን ሥራ በማመን፣ በእኛ ብቃት ሳይሆን፤ የምንቀበለው መንፈስ ቅዱስም ልባችንን አድሶ ለመልካም ሥራ ይጠራናል። ኦርቶዶክሶች በዚህ ፊርማ ውስጥ የሉም፤ ጠቡም መጀመሪያውኑ የእነርሱ አልነበረም።

ታዲያ ልዩነቱ የት ነው?

[ጽሑፍ በስክሪኑ ላይ፦ ድኛለሁ / እየዳንሁ ነው / እድናለሁ]

ልዩነቱ መዳን ራሱ ምንድን ነው በሚለው ላይ ነው። በሉተር መንገድ ለሚሄደው መጽደቅ የእግዚአብሔር ፍርድ ነው፤ የክርስቶስ ጽድቅ ለኃጢአተኛው ተቆጥሮለት «ጻድቅ ነህ» ይባላል። ያ ቃል ተነግሯል፤ ሥራ ከኋላው የሚመጣ ምስጋና ነው፣ ለፍርዱ የሚጨመር አይደለም። ለኦርቶዶክሱ ግን መዳን ከክርስቶስ ሕይወት ጋር መዋሐድ ነው። በጥምቀት ይጀመራል፣ በሥጋ ወደሙ ይመገባል፣ ሲወድቅ በንስሐ ይነሣል፣ በጾም በጸሎት በምጽዋት ይጸናል። ሥራው የሰውየው ብቻ አይደለም፤ ፊልጵስዩስ 2 «የራሳችሁን መዳን ፈጽሙ» ብሎ ወዲያው «መፈለግንም ማድረግንም በእናንተ የሚሠራ እግዚአብሔር ነውና» እንደሚለው ነው። ስለዚህ ሥራ ለኦርቶዶክሱ የመዳን ማስረጃ ብቻ አይደለም፤ በመዳኑ ውስጥ ያለ ነገር ነው። አንዱ «ተጨማሪ» ብሎ የሚፈራውን ሌላው «ሕይወቱ ራሱ» ይለዋል።

መጽሐፉ ሦስቱንም ጊዜ ይጠቀማል። ኤፌሶን 2 «አድኖአችኋል» ይላል፣ 1ኛ ቆሮንቶስ 1፥18 «ለእኛ ለምንድን»፣ ሮሜ 5 ደግሞ «እንድናለን»። ፕሮቴስታንቱ በመጀመሪያው ላይ ይቆማል፣ ኦርቶዶክሱ በሁለተኛውና በሦስተኛው ላይ። ለዚህ ነው መንገድ ላይ «ድነሃል ወይ?» ተብሎ የሚጠየቅ የደሴ ኦርቶዶክስ ግራ የሚገባው። «አዎ» ቢል ትዕቢት ይመስለዋል፣ «አይ» ቢል ክርስቶስን የካደ ይመስለዋል፤ «እሱ ያውቃል» ብሎ ያልፋል። ጠያቂው ይህን እንደ ጥርጣሬ ይሰማዋል። መልሱ ግን ጥርጣሬ አይደለም፤ ገና እየተራመደ ያለ ሰው መልስ ነው። በፕሮቴስታንቱም መካከል አንዴ የዳነ ሊጠፋ ይችላል ወይ በሚለው ላይ ስምምነት የለም፤ ያን ክርክር እዚህ አልገባበትም።

የደሴ ሙስሊም ጎረቤቶቻችንም ይህን ጥያቄ በራሳቸው መንገድ ያውቁታል። ማንም በሥራው ብቻ ጀነት አይገባም፣ በአላህ እዝነት እንጂ፤ ነቢዩ «እርስዎም?» ተብለው ቢጠየቁ «እኔም» ማለታቸው በታወቀ ሐዲስ ተዘግቧል። ትምህርቱ የተለየ ነው፤ አላደባልቀውም።

[ምስል፦ ኪዳነ ምሕረት፣ የካቲት 16።]

አሁን ከባዱ ጋ ደረስን፤ የቅዱሳን ቃል ኪዳን፣ እግዚአብሔር በስማቸው ለሚለምን ምሕረት እሰጣለሁ ብሎ ለቅዱሳን ገባላቸው የሚባለው ተስፋ። ግሸንም የሚነሣው እዚህ ላይ ነው። በየካቲት 16 የኪዳነ ምሕረት በዓል የሚተረከውን የበላዔ ሰብእን ታሪክ ብዙዎቻችን ከልጅነት እናውቀዋለን። 78 ነፍስ የበላ የቅምር ሰው፤ ለተጠማ ለምጻም በእመቤታችን ስም ጥርኝ ውሃ አጠጣ፤ በሚዛኑ ቀን ያቺ ውሃ አመዘነች። ፕሮቴስታንቱ «ታዲያ ይህ በሥራ መዳን አይደለም?» ይላል፤ ክርስቶስ ብቻ አማላጅ ነው ብሎም ይጨምራል። በእኔ አስተያየት የመጀመሪያው ክስ አይይዝም። ጥርኝ ውሃ ለ78 ነፍስ ካሣ ይሆናል ብሎ የሚያሰላ ሰው የለም፤ ታሪኩ ያንን ስሌት ለመስበር የተነገረ ነው፤ ምሕረቱ ከሥራው ጋር አይመጣጠንም። ማቴዎስ 10፥42ም ቀዝቃዛ ጽዋ ውኃ ብቻ ያጠጣ ዋጋው አይጠፋበትም ይላል። ሁለተኛው ክስ ግን ይቆማል፤ እውነተኛው ልዩነት እሱ ነው። ለቅዱሳን የተሰጠ ቃል ኪዳን አለ ወይ? ጸጋው በእነርሱ ጸሎት በኩል ይደርሳል ወይ? ኦርቶዶክሱ አዎ ይላል፣ ፕሮቴስታንቱ አይደለም ይላል፤ እዚህ ላይ ማንም ማንንም በተሳሳተ መንገድ አልተረዳም።

እና ግሸን መውጣት ያድናል? የንስሐ አባት ብትጠይቁ «ቂምህን ይዘህ ወጥተህ ቂምህን ይዘህ ከወረድክ ዳገት ነው የወጣኸው» ዓይነት መልስ ነው የምትሰሙት። ንስሐ ገብቶ፣ የበደለውን ክሶ፣ ቆርቦ የሚመለሰው ግን መንገዱን እንደ ክፍያ አይቆጥረውም። ፕሮቴስታንቱ ወንድማችን «እሱንማ ቤቱ ሆኖስ አያገኘውም?» ብሎ ይጠይቃል። ኦርቶዶክሱ «ያገኘዋል» ይላል። ከዚያ ነጠላውን አጣፍቶ አውቶቡሱ ላይ ይወጣል።